ከማሽኑ ነው

ጥቅምት 4፣ ማክሰኞ

ሁለት ክፍል አስተማርኩ። ከሰዓት በኋላ የኮሌጁን ስድስት ኮምፒውተሮች ከቫይረስ ሳጸዳ ዋልኩ። ሁሉም ላይ የተጫነው ክራክ የተደረገ፣ ሳይገዛ ቁልፉ የተሰበረ ዊንዶውስ ነው... ፍላሽ በተሰካ ቁጥር ያው በሽታ። አግማስ ሻዩን ይዞ ከጎኔ ተቀመጠና፣ «ያንቺ ሊኑክስማ ጤነኛ ነው። ሥራ የማይሠራ መቼ ይታመማል» አለኝ። ቢሮ የምንጋራ መምህር ነው። ምላሱ እረፍት አያውቅም።

ይሳቅ። አምስት ዓመት በሊኑክስ ኖርኩ፣ ምን ጎደለብኝ? ዩኒቨርሲቲ እያለሁ ነው አባቴን፣ አባን፣ የጠየቅኳቸው። ክራክ ማለት ምን እንደሆነ አስረዳኋቸው። «ባለቤቱ ካልፈቀደው ሐራም ነው፤ ምኑ ይጠየቃል?» አሉ። በማግስቱ ዊንዶውሱን ጠርጌ በነጻ የሚታደለውን ሊኑክስ ጫንኩ። ከዚያ ወዲህ ለሰው ሁሉ ስሰብክ ኖሬያለሁ።

አመሻሽ ላይ እማ ከደሴ ደወለች። መንገዱ ሊሰፋ ነው አለች። የአባ የሰዓት ኪዮስክ መስመሩ ውስጥ ገብታለች። እስከ ኅዳር መጨረሻ ትነሳ ተብሏል። አርባ አንድ ዓመት እዚያች ሳጥን ውስጥ ቁጭ ብለው የሰው ሰዓት ሲጠግኑ...

«ምን አሉ?» አልኳት።

«ምን ይላል። ኸይር ነው አለ።»

ለአባ ሁሉ ነገር ኸይር ነው። እኔ ግን አባን ሥራ ፈትተው ቤት ተቀምጠው ላስባቸው አልቻልኩም።

ጥቅምት 6፣ ሐሙስ

አንድ ነገር መጣልኝ። ኮሌጁ ከጥር ጀምሮ የጥቃቅን መሣሪያዎች ጥገና አጭር ሥልጠና ሊከፍት ነው፣ አሠልጣኝ አጥተዋል። የክፍላችን ኃላፊ አቶ ወንድምአገኘሁ ቢሮ ገብቼ ስለ አባ ነገርኳቸው።

«ዲግሪ አላቸው?»

«የላቸውም።»

«ታዲያ ኮሚቴው በምን ይመናቸው?»

«በእጃቸው» አልኩ።

ትንሽ አሰቡ። «እንግዲያስ እጃቸውን አሳዪን። የአንድ ትምህርት ቪዲዮ፣ አስር ደቂቃ። በአዳራሹ ትልቁ ስክሪን ላይ ሲታይ ከኋላ የተቀመጠ ሰው ብሎኗን የሚለይበት ጥራት ይኑረው። ኮሚቴው ኅዳር 15 ነው።»

አርባ ቀን ገደማ አለኝ። ምን አላት?

ጥቅምት 8፣ ቅዳሜ፣ ደሴ

ትናንት ከሥራ በቀጥታ ወደዚህ። ሐረጎ ዳገት ላይ ጉሙ ሚኒባሱን ውጦት ነበር። ከኮምቦልቻ ሙቀት በስስ ልብስ ወጥቼ ደሴ ስደርስ ጥርሴ ተንገጫገጨ።

ሥርጉት ካሜራዋን ለአንድ ጠዋት አዋሰችኝ። የልጅነት ጓደኛዬ ናት፣ ሠርግ ትቀርፃለች። ፎር ኬ የሚሉት ከፍተኛ ጥራት ያለው፣ በሴኮንድ ስልሳ ምስል የሚይዝ። ለምን ይህን ያህል? አባ የሚያነሷት ብሎን ከጤፍ ትንሽ ብትበልጥ ነው። በተራ ቪዲዮ ትልቁ ስክሪን ላይ ነጥብ እንኳ አትሆንም።

አባ ግን አስቸገሩኝ። ከሱብሂ ሶላት በኋላ ወዲያው ካልሆነ አይሆንም አሉ። ብርሃን የለም እላቸዋለሁ፣ ማን ይስማኝ? «ጠዋት ነው እጅ የሚታዘዘው» ይላሉ። ከመጀመራችን በፊት ዱዓ አደረጉ፤ እጃቸው ከጋቢው አልወጣም። ብርዱ ነው መሰለኝ። ደግሞ በትንሽ በትንሹ ነው የሚሠሩት። ሁለት ደቂቃ ሠርተው «በቃ አጥፊው» ይላሉ፣ እጃቸውን ጋቢው ውስጥ ከተት አድርገው ያርፋሉ፣ ከዚያ ይቀጥላሉ። እኔ አምፖሉን ከፍ አድርጌ ይዤ ክንዴ ዝሏል፣ ዓይኔ ሰዓቷ ላይ ብቻ።

መሃል ላይ አንዲት ሴት ትንሽ የእጅ ሰዓት ይዛ መጣች። «ወደ ዘካሪያ ውሰጃት» አሏት። ዘካሪያ አጠገባቸው ያለው ሰዓት ሠሪ ነው። ድሮ እሱ ነበር ያቃተውን ወደ አባ የሚልከው። ምነው ስላቸው «ዓይኔ ደከመ» አሉ።

ከኋላቸው የግድግዳ ሰዓታቸው ትታያለች። ቀይዋ የሴኮንድ ቆጣሪ እንደ ሌሎቹ ቀጭ ቀጭ አትልም፤ ዝም ብላ ትንሸራተታለች። አባ ይኮሩባታል። «ሰዓት እንዲህ ነው፣ የማይቸኩል የማይዘል» ይላሉ። ሆን ብዬ ከምስሉ ውስጥ አስገባኋት።

ጥቅምት 9፣ እሁድ

ኮምቦልቻ ገብቼ ከፈትኩት። ጉድ ነው።

የአባ እጅ እየዘለለ ይሄዳል። ወረንጦው አሁን እዚህ ነበር፣ አሁን እዚያ ነው። ምስሉ መሃል ላይ አግድም ይሰነጠቃል፤ የላዩ ግማሽ ቀድሞ የታችኛው ይከተለዋል። ድምፃቸው ጥርት ያለ ነው፣ ምስሉ ግን ስታክ ያደርጋል፣ ቆም እያለ ይዘላል። ቀይዋ ቆጣሪ እንኳ አምስት ላይ ቆማ ድንገት ዘጠኝ ላይ ትገኛለች። አባ የኮሩባት ሰዓት...

ችግሩ ገብቶኛል። ቪዲዮውን መፍታት ያለበት የምስል ካርዱ ነው። እሱ ተኝቷል። ሸክሙ ሁሉ ፕሮሰሰሩ ላይ ወድቆ መቶ በመቶ ደርሷል፣ ላፕቶፑ እንደ ወፍጮ ቤት ይጮሃል። ዊንዶውስ ላይ ይሄ ሳይጠየቅ የሚሠራ ነገር ነው። ሊኑክስ ላይ አንቺው ፈልገሽ፣ አንቺው ጭነሽ፣ አንቺው ለምነሽ።

ይስተካከላል። ያላስተካከልኩት ነገር አለ እንዴ?

ጥቅምት 12፣ ረቡዕ

ሦስት ማጫወቻ ቀየርኩ። አንደኛው ስታክ ያደርጋል። ሁለተኛው ምስሉን ያስሮጣል፣ ድምፁ ኋላ ይቀራል። ሦስተኛው ቀለሙን አጠበው፤ አባ ከሕመም የተነሱ መሰሉ። ዘጋሁት።

ኢንተርኔት ላይ የሊኑክስ ሰዎች የሚጠያየቁበት መድረክ ገብቼ ጠየቅኩ። አንዱ «እኔ ጋ ይሠራል» ብሎ መለሰልኝ። እንኳን ደስ ያለህ።

ጥቅምት 16፣ እሁድ፣ ደሴ

አባ ቪዲዮውን ካላየሁ አሉ። ሲጠይቁኝ ሳምንት ሆናቸው። ላፕቶፑን ይዤ መጣሁ።

ከምሳ በኋላ እማ ሻይ ቀዳች። ለእኔ ሙሉ፣ ለአባ ግማሽ ብርጭቆ። «ሙሉ ቅጂላቸው እንጂ» አልኳት። «ስኳር ይበዛበታል» አለች፣ ፊቷን አዙራ።

አባ መነጽራቸውን አድርገው ተጠጉ። ቪዲዮውን ከፈትኩላቸው። እጃቸው የሚዘልበት ቦታ ሲደርስ ወደ ስክሪኑ ጎንበስ አሉ።

«ይሄ... እንዲህ የሚያደርገው ምንድን ነው?»

«ከማሽኑ ነው አባ።»

«ከማሽኑ?»

«አዎ። የእኔ ኮምፒውተር ነው የሚያንተባትበው። የእርስዎ ምንም አይደለም።»

«እርግጠኛ ነሽ ረውዳ?»

«ወላሂ ከማሽኑ ነው።»

«አልሐምዱሊላህ» አሉ። ትንሽ ቆይተው ደገሙት። «አልሐምዱሊላህ።»

ተናደድኩ። ስምንት ቀን ስቃጠል የከረምኩበት ነገር ምኑ ነው አልሐምዱሊላህ የሚያስብለው? ግን ደስ ብሏቸው ዋሉ። እማን ሲቀልዱባት ሁሉ ነበር። እንዲህ ሲጫወቱ ካየኋቸው ቆይቻለሁ።

ጥቅምት 21፣ ዓርብ

የምስል ካርዱን ድራይቨር፣ ካርዱን የሚያንቀሳቅሰውን ፕሮግራም፣ ቀየርኩ። ዳግም ሲነሳ ጥቁር ስክሪን... ጭራሽ አልከፍት አለ። ከጁምዓ እስከ መግሪብ ስታገል ቆይቼ በመጨረሻ ሁሉንም አጥፍቼ እንደ አዲስ ጫንኩት። ቪዲዮዎቹ ውጭ ተቀምጠው ስለነበር ተረፉ።

አግማስ፦ «የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች። የኮሌጁን ሁሉ ኮምፒውተር ትፈውሺያለሽ፣ የራስሽ አልጋ ላይ ነው።»

ልመታው ነበር።

ጥቅምት 25፣ ማክሰኞ

ውኃ ቢወቅጡት እንቦጭ። ሌላ የምጽፈው የለኝም።

ጥቅምት 29፣ ቅዳሜ

ጥራቱን ዝቅ አድርጌ ልቀይረው ወሰንኩ። አራት ሰዓት ይፈጃል አለ። ሦስት ሰዓት ተኩል ከሠራ በኋላ መብራት ሄደ። የላፕቶፑ ባትሪ እንደሆነ የሞተው ዓምና ነው። መብራት ሲመጣ ከዜሮ።

አመሻሽ ላይ አለቀ። ስታክ ማድረጉ ቀርቷል። ግን ምን ዋጋ አለው? የብሎኗ ጥርስ ጠፍቷል፤ ልጅ በእርሳስ የነካው ነገር ትመስላለች። ቀይዋ ቆጣሪ ደህና ትሄዳለች። የአባ እጅ ግን አሁንም ደህና አይደለም፣ ጠርዙ ይርገበገባል። ሲቀየር ተበላሽቷል ማለት ነው። ለምን ቆጣሪዋ ደህና ሆና እጃቸው ብቻ? እንጃ። ደክሞኛል።

ኅዳር 3፣ ረቡዕ

አግማስ ዛሬ ሳይቀልድ መጣ። «እስቲ በእኔ ላፕቶፕ እንየው።»

«በተሰረቀ ዊንዶውስ አላይም።»

«የእኔ እኮ ኦሪጅናል ነው። ከነላፕቶፑ የተገዛ። ደረሰኙን ላምጣልሽ?»

ጊዜ የለኝም ብዬ ወጣሁ።

እንግዲህ ሐራም አይደለም። ታዲያ ምንድን ነው የያዘኝ? ኩራት ነው። ለራሴ ደብተር እንኳ ልዋሽ? አምስት ዓመት መምህራን ክፍል ውስጥ ቆሜ «ዊንዶውስ ለሰነፍ ነው» ስል ኖሬ፣ አሁን የአባቴን ቪዲዮ ይዤ አግማስ ፊት... አላደርገውም።

ኅዳር 10፣ ረቡዕ

አቶ ወንድምአገኘሁ ኮሪደር ላይ ያዙኝ። «ሰኞ ነው ኮሚቴው። የአዳራሹ ኮምፒውተር ዊንዶውስ ነው፤ ቀድመሽ ሞክሪው፣ ሰው ፊት እንዳታፍሪ።»

እማ ደወለች። የአባን ኪዮስክ በር ላይ በቀይ ቀለም ምልክት አድርገውበታል። አባ «ቀለሙ ጥሩ ነው፣ አይለቅም» አሉ አለች። ሳቀች፣ ግን ሳቅ አልነበረም።

ኅዳር 12፣ ዓርብ

ከጁምዓ ስመለስ ቢሮ ውስጥ አግማስ ብቻ ነበር። ፍላሹን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩለት።

«ተሸነፍኩ። ክፈተው።»

«ጾም ባይሆን ሥጋ እጋብዝሽ ነበር» አለ። ፊቱ በሙሉ ሳቀ።

ሁለት ጊዜ ጠቅ አደረገው። ሌላ ምንም የለም። ድራይቨር የለ፣ ትእዛዝ የለ፣ ልመና የለ። ቪዲዮው እንደ ውኃ ፈሰሰ። መጀመሪያ የተሰማኝ ንዴት ነው። አምስት ሳምንት! እንቅልፌን፣ ዓይኔን፣ ቅዳሜዎቼን የበላብኝ ነገር በሁለት ጠቅታ።

ቀይዋ ቆጣሪ ትንሸራተታለች። አንድም ቦታ አልዘለለችም። የአባ ድምፅ ከከንፈራቸው ጋር ይሄዳል። ጋቢያቸው ላይ ያለው ክር ይቆጠራል።

እጃቸው ይንቀጠቀጣል።

ወደ ኋላ መለስኩት። ደገምኩት። ቆጣሪዋን አየሁ፣ እጃቸውን አየሁ። ቆጣሪዋ ሰላም ናት። ወረንጦው ብሎኗን ሊያነሳ ይሄዳል፣ ይስታል፣ ይመለሳል። ሦስት ጊዜ። ከዚያ በግራ እጃቸው የቀኙን አንጓ ጨምድደው ይይዙታል፣ ክርናቸውን ጠረጴዛው ላይ ይጫኑታል። «ቢስሚላህ» ሲሉ በሹክሹክታ ይሰማል፤ ሊኑክሱ ላይ ይህን ድምፅ ሰምቼው ልብ አላልኩትም። ብሎኗ ትቀመጣለች። «በቃ አጥፊው።»

የጥፍራቸው ሥር ያለው የሰዓት ዘይት ሳይቀር ይታያል። ፎር ኬ ይሁን ያልኩት እኔ ነኝ።

አግማስ «አየሽ አይደል...» ብሎ ጀምሮ ነበር። አልጨረሰውም። ተነሳና የቢሮውን በር ዘጋ፣ ተመልሶ ቁጭ አለ።

«ረውዳ... ሻይ ላምጣልሽ» አለ በመጨረሻ።

ራሴን ጠላሁት። በፕሮሰሰሩ፣ በካርዱ፣ በማጫወቻው፣ በመብራት ኃይል፣ በሁሉም አሳበብኩ። አንድ ጊዜ እንኳ እጃቸውን አላየሁም።

ኅዳር 13፣ ቅዳሜ፣ ደሴ

በቀጥታ ወደ ኪዮስኩ ሄድኩ። አባ ብቻቸውን ነበሩ። ሰላምታ ሳንጨርስ፣

«አባ፣ እጅዎን ያሳዩኝ» አልኩ።

አዩኝ። ቀስ ብለው ከጋቢው አወጡትና ጠረጴዛው ላይ፣ የብሎን ማስቀመጫዋ ቆርቆሮ አጠገብ አሳረፉት። ብሎኖቹ ይንጫጩ ጀመር።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ከዓምናው ረመዳን።»

«እና ለምን አልነገሩኝም? ለምን እንዲህ...» ድምፄ ከፍ ብሎ ነበር፣ ዘካሪያ ከወዲያ አንገቱን አወጣ። አፈርኩ።

አባ አልተቆጡም። «ልነግርሽ ነበር። ያን ቀን ቪዲዮውን ስታሳዪኝ፣ በቃ ታወቀ ብዬ ልናገር ነበር። አንቺ ግን ከማሽኑ ነው አልሽኝ።»

...

«እኔም አመንኩሽ። ኮምፒውተር የተማረች ልጅ ከማሽኑ ነው ካለች ብዬ... ሁለት ቀን ሙሉ አመንኩሽ። ምናልባት ለዓይኔ ነው የሚመስለኝ አልኩ። ከዚያ ማክሰኞ አንዲት ብሎን ጣልኳት።»

«በወላሂ ምዬልዎት ነበር።»

«ሳታውቂ ነው። በእሱ አላህ አይዝሽም። አብሽሪ።»

እኔን ያጽናናሉ። እሳቸው እኔን።

ከዚያ ወደ ሰው መተላለፊያው አይተው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ለእናትሽ እንዳትነግሪ። ቪዲዮውን አሳዪኝ ካለችሽ በዚያ በአንቺው አሳያት። በሚያንተባትበው።»

ኅዳር 14፣ እሁድ፣ ደሴ

ከእማ ጋር ዕቃ እናጥብ ነበር። እሷ ናት የጀመረችው።

«አወቅሽ?»

የያዝኩትን ብርጭቆ አስቀመጥኩት።

«ግማሽ የምቀዳለት ስኳር ፈርቼ መሰለሽ? ሙሉ ሲሆን ይፈስበታል። ሲፈስበት ያፍራል።»

«ከመቼ?»

«ከጾሙ ጀምሮ። ሲያፈጥር ሾርባው ደረቱ ላይ ፈሰሰ።»

«ለምን አልነገርሽኝም እማ?»

«እሱ እኔ እንዳላወቅኩ ነው የሚያስበው። እኔም እንደዚያ ያስብ ብዬ ተውኩት። አንቺም ተይው።»

አንድ ቤት ውስጥ ሁለት ሰው እየተደባበቀ ሲተዛዘን፣ እኔ ኢንተርኔት ላይ የማላውቀውን ሰው «እጁ ለምን ይዘላል?» እያልኩ እጠይቃለሁ።

ኅዳር 15፣ ሰኞ

ኮሚቴው ሳይሰበሰብ አቶ ወንድምአገኘሁ ጋ ገባሁ። እውነቱን ነገርኳቸው። የሁለት ሳምንት ጊዜ ለመንኩ።

«በእጃቸው ብለሽኝ ነበር እኮ» አሉ። በክፋት አይደለም። «ታኅሣሥ 2። ከዚያ በኋላ ግን ሌላ ሰው እንፈልጋለን።»

ኅዳር 18፣ ማክሰኞ... አይ፣ ሐሙስ ነው ዛሬ። ቀኑም ጠፋብኝ።

አባን ደሴ ሆስፒታል ይዣቸው ሄድኩ። የነርቭ ነው ተባለ። መድኃኒት ተጻፈላቸው። ይቀንሰዋል እንጂ አያጠፋውም። ሐኪሟ ልጅ ናት፣ ታጋሽ። አባ እጃቸውን ዘርግተው ሲያሳዩዋት፣ «ሰዓት ቢሆን ኖሮ ፈትቼ አየው ነበር» አሏት።

ኅዳር 20፣ ቅዳሜ፣ ደሴ

አዲሱን ቀረፅን። ድምፁ የአባ፣ እጁ የእኔ።

መጀመሪያ እምቢ አሉ። «ሐሰት ይሆናል። ደግሞ አንቺ እጅሽ ይቸኩላል።» ልክ ናቸው፣ ይቸኩላል። ከትምህርት ቤት ስመለስ እዚችው ኪዮስክ ውስጥ እያስቀመጡ ሰዓት ሲያስፈቱኝ ያደግኩ ነኝ፤ ሁልጊዜ የሚቆጡኝ በዚያ ነበር። ማጉሊያውን ዓይኔ ላይ አደረግኩ። ወረንጦውን ያዝኩ። ብሎኗን አምስት ጊዜ ጣልኳት። ስድስተኛው ላይ ወረንጦውን ልወረውረው ነበር።

«ትንፋሽሽን ያዥ» አሉ። «አትጫኛት። ቦታዋን ታውቀዋለች፣ አድርሰሽ ልቀቂያት።»

አደረስኳት። ለቀቅኳት። ተቀመጠች።

ከሱብሂ በኋላ አልነበረም የቀረፅነው፣ ከረፋዱ ነው፣ ፀሐይ ገብታ። አባ እጃቸውን ጋቢው ውስጥ አልከተቱም። ጠረጴዛው ላይ ተወት አደረጉት፣ እንደፈለገው ሆነ። ሥርጉት ካሜራዋ ኋላ ሆና ዓይኗን ትጠርጋለች፣ ጉንፋን ነው አለች።

ኅዳር 24፣ ረቡዕ

መድረኩ ላይ አንድ የማላውቀው ሰው መለሰልኝ። የጎደለኝ አንድ የፕሮግራም ጥቅል ነበር፤ እሱን ጭኜ ማጫወቻው ላይ አንዲት መስመር መጻፍ ብቻ። አንዲት መስመር! ጻፍኳት። የምስል ካርዱ ነቃ፣ የላፕቶፑ ጩኸት ቆመ። የመጀመሪያውን ቪዲዮ ከፈትኩ። ቀይዋ ቆጣሪ ተንሸራተተች። አሁን ሊኑክሴም እንደ ዊንዶውሱ ጥርት አድርጎ ያሳያል። ሁሉንም ያሳያል።

ሰባት ሳምንት የፈለግኩት ይህንኑ ነበር። ዘጋሁት።

ለአባ ደወልኩ። «ያ ማሽንሽ ተሻለው?» አሉኝ።

«ተሻለው አባ።»

«እሱ እንኳን ተሻለው። አልሐምዱሊላህ።»

ታኅሣሥ 2፣ ሐሙስ

ኪዮስኩ ሰኞ ፈረሰ። አባ ዛሬ ኮምቦልቻ ሲወርዱ ኮታቸውን ለብሰው፣ የግድግዳ ሰዓታቸውን በጨርቅ ጠቅልለው ብብታቸው ሥር ይዘው ነው። «የት ልተዋት?» አሉ። ከመናኸሪያ ስንወጣ ሙቀቱ መታቸው፣ ጋቢውን ለእኔ ሰጡኝ።

ኮሚቴው አምስት ሰው ነው። አግማስ ስክሪኑን አዘጋጀልኝ። በእኔ ላፕቶፕ ነው ያሳየሁት፣ በሊኑክሱ። አንድ ጊዜ አልቆመም። ብሎኗ ትልቁ ስክሪን ላይ የቡና ፍሬ አክላ ወጣች፣ ጥርሷ ይቆጠራል። የአባ ድምፅ አዳራሹን ሞላው፦ አትጫኛት፣ አድርሰሽ ልቀቂያት።

ቪዲዮው አለቀ። አቶ ወንድምአገኘሁ የእጁን ነገር ያውቃሉ፣ ሌሎቹ አያውቁም። አንዷ የኮሚቴ አባል፣ ወይዘሮ ሰርካዲስ፣ መነጽራቸውን አወለቁና፣ «እጁ የማን ነው?» አሉ።

ልናገር አፌን ከፈትኩ።

«የእኔ ነው» አሉ አባ።

ይህን ሲሉ እጃቸው ጠረጴዛው ላይ ነበር፣ ሰው ሁሉ ፊት። ይንቀጠቀጥ ነበር። ወይዘሮ ሰርካዲስ አዩት። ከዚያ የእኔን አዩ፤ ጥፍሬ ሥር የሰዓት ዘይት አለ፣ ከቀረፅንበት ቅዳሜ ወዲህ አልለቅ ብሎኛል። ሌላ አልጠየቁም። ጎንበስ ብለው ወረቀታቸው ላይ ጻፉ።

ከጥር ጀምሮ፣ ለአንድ ዙር። እሳቸው ያስተምራሉ፣ እኔ እሠራለሁ። ከዚያ እንደሁኔታው ይታያል ተባለ።

ስንወጣ «አባ፣ ሐሰት አይሆንም?» አልኳቸው።

«ማን አሠለጠነው?» አሉ። ሌላ አልጨመሩም።

ከኮሌጁ በር ፊት ያለችው ሻይ ቤት ገባን። የግድግዳ ሰዓቷን ወንበር ላይ አስቀመጥናት። አስተናጋጇ ሁለት ሻይ አመጣች፣ እስከ አፉ የሞላ። ወደ መንገዱ ሲያዩ ጠብቄ የእኔን ፉት ብዬ አጎደልኩና ከእሳቸው ግማሹን ወደ እኔ ገለበጥኩ። አላዩም፣ ወይም እንዳላዩ ሆኑ። አንስተው ጠጡ።